ስልካችን «ዓባይ ማዶ» ሲባል ምን ይሰማል? የድምፅ ረዳትና ካርታ የሚግባቡበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት እናት ጊዮርጊስ አጠገብ ባጃጅ አስቁመው «የኔ ልጅ፣ ዓባይ ማዶ አድርሰኝ፤ ድልድዩን አለፍ እንዳልክ ነው» ቢሉት፣ ሾፌሩ «እሺ እናቴ፣ በአዲሱ ነው በአሮጌው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ምልልሱ አጭር ነው፤ ሾፌሩ ግን ብዙ ሠርቷል። ድምፃቸውን ሰማ። «አድርሰኝ» የሚለውን ጥያቄ ከቦታው ስም ለየ። ዓባይ ማዶ ከወንዙ ወዲያ ያለ መሬት ሁሉ ሳይሆን የታወቀ ሰፈር መሆኑን ያውቃል። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ «ድልድዩ» ሲባል ሁለት ሊሆን እንደሚችልም ትዝ አለው። እርግጠኛ ስላልሆነ ጠየቀ።

የድምፅ ረዳት የሚባሉት ፕሮግራሞች ካርታ ላይ ሊያደርጉልን የሚሞክሩት ይህንኑ ነው። በንግግር ስንጠይቃቸው ቦታ ይፈልጋሉ፣ መንገድ ያወጣሉ፣ ርቀት ይለካሉ፤ አሁን አሁን ደግሞ ከሳተላይት ምስል ሳይቀር መልስ ለማምጣት ይሞክራሉ። እጁ መሪ ላይ ላለ ሾፌር፣ ዓይኑ ለማያይ ሰው፣ ፊደል ላልቆጠሩ አባትና እናት፣ ጀልባ ላይ እጁ ለረጠበ ቀዛፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲሳሳት ግን ብዙዎቻችን «አማርኛ አይሰማም» ብለን እንተወዋለን። እኔ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከጆሮው ይልቅ ከካርታው ነው ባይ ነኝ። ካርታው እኛ ቦታውን የምንጠራበትን ስም ካላወቀ፣ ጆሮው በትክክል ቢሰማም የሚወስደን የለም።

ጆሮው

አፕል ሲሪን እ.ኤ.አ. በ2011፣ አማዞን አሌክሳን በ2014፣ ጉግልም አሲስታንቱን በ2016 አወጡ። ሲወጡ አንዳቸውም አማርኛ አይሰሙም ነበር።

ንግግራችን በማይክሮፎን ሲገባ ድምፁ በየሰከንዱ ብዙውን ጊዜ 16,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይቀየራል። ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች ቀደም ሲል ከተማረው የብዙ ሰዓት ንግግር ጋር እያስተያየ የትኛው ቃል እንደሆነ ይገምታል። ግምት ነው የምለው ከልቤ ነው፤ ማሽኑ ካሉት አማራጮች ይበልጥ ይሆናል ያለውን ይመርጣል እንጂ እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ምን ዓይነት ንግግር ሰምቶ እንዳደገ ወሳኝ ነው። አማርኛ በዚህ በኩል ዘግይቶም ቢሆን ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለምርምር የቀረበ የአማርኛ የንግግር ስብስብ ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ንባብ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በድምፅ መጻፊያው ላይ ከጨመራቸው 30 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2022 ለድምፅ ረዳቶች ማሠልጠኛ በነጻ በለቀቀው፣ 51 ቋንቋዎችን በያዘ የትእዛዝ ስብስብ ውስጥም አማርኛ አለበት።

በንባብ የሠለጠነ ጆሮ «ጎንደር» ሲባል በቀላሉ ይይዛል፤ በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉት «ሰባታሚት» ወይም «ዘንዘልማ» ሲባሉ ግን ብዙም ሰምቶት ስለማያውቅ በድምፅ የሚቀርበውን ሌላ የለመደውን ቃል ይተካል። ለዚህ የታወቀ መፍትሔ አለው። ሰውየው ባለበት አካባቢ ያሉ የቦታ ስሞች ተዘርዝረው አስቀድመው ለአድማጩ ፕሮግራም ይሰጡታል፤ ባሕር ዳር ያለ ስልክ «ዘንዘልማ» የሚል ቃል ሊመጣ እንደሚችል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዝርዝሩ የሚቀዳው ግን ከካርታው ነው። ካርታው ላይ የሌለ ስም ዝርዝሩም ላይ የለም።

ስሙን ከጥያቄው መለየት

ስለ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ግቢዎች «ከፔዳ ፖሊ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብንለው፣ የተጠየቀው ጊዜ መሆኑን፣ መነሻው ፔዳ፣ መድረሻው ፖሊ መሆኑን መለየት አለበት። በአማርኛ «ከ»፣ «ወደ»፣ «የ» እና «በ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ስለሚመጡ ፕሮግራሙ እነሱን አላቅቆ ስሙን ብቻ ይፈልጋል። በጥድፊያ የተሠራ ፕሮግራም ከሆነ «በላይ ዘለቀ» ሲባል «በ»ን ቆርጦ ይጥልና «ላይ ዘለቀ» የሚባል ቦታ ሲያስስ ይውላል። የክፍለ ከተማ ስም በዚህ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ፔዳና ፖሊም ራሳቸው ችግር አለባቸው፤ ተማሪው፣ ባጃጁ፣ ባለሱቁ ሁሉ የሚጠራቸው በእነዚህ ስሞች ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ግን የዩኒቨርሲቲው ረጅም ስም ነው። ካርታው የበሩን ጽሑፍ ብቻ ከያዘ «ፖሊ» ለእሱ ባዶ ድምፅ ነው።

ስሙ ከተለየ በኋላ ወደ ነጥብ ይቀየራል። ባሕር ዳር በግምት 11.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ 37.4 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት። አንዳንድ ፕሮግራሞች ኬክሮሱን ያስቀድማሉ፤ ጂኦጄሰን የሚባለው የታወቀ የካርታ ዳታ አጻጻፍ ደግሞ ኬንትሮሱን ያስቀድማል። ሁለቱ ተምታተው ቢገቡ ባሕር ዳር በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ትወድቃለች። ይህን ያህል የተሳሳተ ነገር ወዲያው ይታያል። የሚያሳስበው የማይታየው ነው።

ግሽ ዓባይ የባሕር ዳር ክፍለ ከተማ ነው፤ ሰከላ ያለው የዓባይ ምንጭም ግሽ ዓባይ ነው። ጣና ሐይቁም ነው፣ ክፍለ ከተማውም ነው፣ ሆቴሉም ነው። ጊዮርጊስማ የሌለበት ከተማ የለም። ፕሮግራሙ እንዲህ ሲገጥመው ሁለት ነገር ያመዛዝናል፦ የትኛው ለተናጋሪው ይቀርባል፣ የትኛው በብዛት ይፈለጋል። ሁለተኛው መመዘኛ ለእኛ ብዙ ጊዜ አይበጅም፤ ቱሪስቱ የሚፈልገውና የሰፈሩ ሰው የሚፈልገው አንድ ስላልሆነ። እኔ የድምፅ ረዳትን ጥሩነት የምለካው በዚህ ነው። እንደ ባጃጁ ሾፌር «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ይታመናል። ሳይጠይቅ ገምቶ የሚነዳ ከሆነ ግን መልሱ ምንም ፈጣን ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

አጻጻፉም አለ። ዓባይና አባይ፣ ባሕርና ባህር፣ ጢስና ጭስ፤ አንዱ ሰው ካርታው ላይ በአንዱ ፊደል ጽፎት ሌላው በሌላው ሊፈልገው ይችላል። ጥሩ ፕሮግራም ሀን፣ ሐንና ኀን፣ አንና ዐን፣ ሰንና ሠን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልጋል። ይህ ቀላል ሥራ ስለሆነ ያልሠራው ሰው ምክንያት የለውም።

ለማሽኑ «ከፍ ብሎ» ምን ማለት ነው?

በእኛ አገር ሰው አድራሻ ሲናገር የቤት ቁጥር አይጠራም። «ከጊዮርጊስ ጀርባ»፣ «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት»፣ «ከጤና ጣቢያው ከፍ ብሎ»፣ «ቀበሌ 14 ታጠፍ እንዳልክ» ነው የሚለው። የቀበሌው አደረጃጀት ቢቀየርም ሰፈሩ በድሮው ቁጥር መጠራቱን አልተወም። ይህ አነጋገር ለሰፈርተኛው ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ግልጽ ነው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ቃል የየራሱ ስሌት ነው።

«አጠገብ» ቀላሉ ነው። በቦታው ዙሪያ፣ እንበል የ100 ሜትር ክብ ይሰመርና ውስጡ ያለው ሁሉ ይሰበሰባል። «ጀርባ» ግን ይከብዳል። ካርታው የሕንፃውን ቅርጽ ይይዛል እንጂ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይይዝም፤ ፊቱ ካልታወቀ ደግሞ ጀርባው አይታወቅም። የቤተ ክርስቲያን ግቢ በየአቅጣጫው በር ሊኖረው ይችላል፤ ሰፈርተኛው «ጀርባ» የሚለው ዋናው መንገድ ካለበት በር ተነሥቶ ነው። ይህን ለማሽኑ የሚነግረው ካርታው ላይ በነጥብ የተመዘገበ በር ብቻ ነው።

«ከፍ ብሎ» የባሰ ነው። መሐንዲስ ቢጠየቅ የከፍታ ዳታ እንጠቀም ይል ይሆናል። ዳታው አለ፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ላይ የተገጠመ ራዳር የምድርን አብዛኛውን ክፍል ከፍታ ለክቷል፤ ልኬቱም በየ30 ሜትሩ ይገኛል። ነገር ግን ባሕር ዳር በአመዛኙ ሜዳ ናት፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ካልወጣን በቀር። እዚህ «ከፍ በል» ሲባል ዳገት ውጣ ማለት አይደለም፤ በያዝከው መንገድ ትንሽ ግፋ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የከፍታ ዳታ ሳይሆን ሰውየው ከየት ወደየት እየሄደ እንደነበር ማወቅ ነው። ስልኩ ይህን ያውቃል፤ ጂፒኤሱ አቅጣጫውን ይዟል። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ የእኛን አነጋገር የሚያውቅ ሰው የሠራው ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተርም ጂኦግራፊም የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ለመመረቂያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይታየኝም።

ሐይቁ መካከል ሲገባ

የጣና ዳር ሰው «ቅርብ» ሲል በልቡ ውኃውን ያሰላል። ማሽኑ ካልተነገረው አያሰላም።

ጣና በርዝመቱ 84፣ በወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ በሆነው ደቅ ላይ ያለ ሰው «የሚቀርበኝ ጤና ጣቢያ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እንደ አለካኩ ይለያያል። በቀጥታ መስመር የሚለካ ፕሮግራም ማዕበል ቢኖር ባይኖር ግድ ሳይሰጠው ከውኃው ማዶ ያለውን ሊጠቁም ይችላል። በመንገድ የሚለካ ደግሞ መንገዱ ውኃው ላይ ስለሚያልቅ «መንገድ የለም» ይላል። የመንገድ ፍለጋ ስሌቱ ነጥቦችንና መስመሮችን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው አጭሩን መንገድ የማግኛ ዘዴ እስከ ዛሬ የዚህ ሥራ መሠረት ነው። ጀልባ የሚነሣበትና የሚደርስበት ወደብ፣ በመካከላቸውም ያለው የውኃ መስመር ካርታው ላይ ከተመዘገበ ስሌቱ በውኃም ይሄዳል። ካልተመዘገበ ግን ዘጌ ያለችው በመኪና መንገዱ ጫፍ ብቻ ይሆናል፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የደረሰ ሰው ሁሉ ሌላ መንገድ እንዳለ ቢያውቅም።

መስመሩ ቢኖርም እንኳ ጊዜውን ማመን አይገባም። በሞተር የሚሄድ ጀልባና በደንገል የተሠራ ታንኳ አንድ ፍጥነት የላቸውም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ሌላ ነው። እኔ በዚህ አልደራደርም፤ ጣና ላይ የጀልበኛው ቃል ከስልኩ ይቀድማል።

ሰዓቱንም እናንሣ፤ አጭር ነው፣ ግን ሰው ያስቀራል። «ሁለት ሰዓት ላይ ጎንደር መድረስ አለብኝ፣ መቼ ልነሣ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚለው የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ነው። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተሞላ ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ ለሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያሰላና ወደ 180 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው መንገድ በማታ እንድንነሣ ይነግረናል። መልሱን ሲሰጥ ሰዓቱን ደግሞ እንዲናገር መጠየቅ ይበጃል።

ከመንገድ ወደ ሳተላይት ምስል

አሁን የሚያስደስተኝ ክፍል ላይ ደረስን። ካርታ መንገድ ብቻ አይደለም። ዝናብ፣ የእርሻ መሬት፣ የውኃ ከፍታ፣ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም፣ እነዚህ ሁሉ ቦታና ቀን ያላቸው መረጃዎች ናቸው። እስካሁን እነሱን ማንበብ የሚችለው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነበር። በንግግር መጠየቅ ከተቻለ ግን ዓሣ አጥማጁም ገበሬውም በራሱ አፍ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየውን እምቦጭ እንውሰድ። አንድ ሰው «በዚህ ወር በፎገራ በኩል እምቦጩ ጨምሯል?» አለ እንበል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «በፎገራ በኩል» የሚለውን ወሰን ወዳለው የሐይቅ ዳር ቁራጭ መለወጥ አለበት። ቀጥሎ የሁለት ጊዜ ምስሎችን ይፈልጋል። ሴንቲኔል-2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ሁለቱ ተጋግዘው በየ5 ቀኑ አንድን ቦታ ያነሣሉ፤ የምስሉ እያንዳንዱ ነጥብ ምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ምስሉም በነጻ ይገኛል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ደግሞ በብዛት መልሶ ያንጸባርቃል። ውኃ ሁለቱንም ይውጣል። ከሁለቱ ልዩነት ተነሥቶ ውኃ ላይ ያለው አረንጓዴ ምን ያህል ስፋት እንደያዘ ይሰላል።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ደንገልም አረንጓዴ ነው፣ የፎገራ ሩዝም አረንጓዴ ነው። እምቦጭ በነፋስ ይገፋል፤ ዛሬ ከዚህ ዳር የጠፋው ተነቅሎ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ሌላው ዳር ሄዶ እንጂ። በክረምት ደግሞ ደመናው የሳተላይቱን ዓይን ለሳምንታት ሊጋርድ ይችላል፤ ያኔ በደመና ውስጥ የሚያልፈው የሴንቲኔል-1 ራዳር ነው የሚረዳው። ስለዚህ «አዎ፣ ጨምሯል» የሚል ባዶ መልስ አይበቃም። የትኞቹን ቀኖች ምስል እንዳየ፣ ምን ያህሉ በደመና እንደተሸፈነ፣ የትኛውን ወሰን እንደለካ አብሮ መናገርና ካርታው ላይ ማሳየት አለበት። ድምፅ ለመጠየቅ ይመቻል፤ ቦታን ለማረጋገጥ ግን ዓይን ያስፈልጋል፤ ማየት የማይችል ሰው ከሆነም ርቀቱና አቅጣጫው ከሚያውቀው ቦታ ተነሥቶ ሊነገረው ይገባል።

ሌላ ወጥመድ አለ። አሁን በድምፅ የምናወራቸው ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምረው የሚመልሱ ፕሮግራሞች፣ አማርኛ ይመልሳሉ፣ ለዛም አላቸው። ነገር ግን የቦታ ጥያቄ ሲቀርብላቸው አንዳንዴ ካርታ ይከፍታሉ፣ አንዳንዴ ከትውስታ ይመልሳሉ። ከትውስታ ሲመልሱ ያልተሠራ መንገድ፣ የሌለ ክሊኒክ፣ የተሳሳተ ርቀት በሙሉ ልብ ሊናገሩ ይችላሉ። «ይህን ካርታ ላይ አይተህ ነው? አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁን። ነጥብ ወይም መስመር ካርታ ላይ ማሳየት ካልቻለ መልሱን እንደ ወሬ ነው መያዝ ያለብን።

ዛሬ ምን እናድርግ?

ለጊዜው ከሁሉ የሚሠራው ቀላሉ ዘዴ ነው። የስልኩን የመጻፊያ ሰሌዳ ቋንቋ አማርኛ አድርጎ፣ የካርታው መፈለጊያ ላይ ማይክሮፎኑን ነክቶ የቦታውን ስም ብቻ መናገር፤ ዓረፍተ ነገር ሳያበዙ፣ «ከ»ም «ወደ»ም ሳይጨምሩ። ስሙ ሌላ ቦታ ካለ ከተማውን አብሮ መጥራት፦ «ግሽ ዓባይ ባሕር ዳር»። ካርታውን ዋይፋይ ባለበት አስቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድ ይቻላል፤ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ዳታ ወደማይይዝበት ደሴት ከመሄድ በፊት ቦታዎቹን ፈልጎ ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ድምፃችንና ያለንበት ቦታ አንድ ላይ ሲላኩ ስለ እኛ ብዙ እንደሚናገሩ አይዘንጋ፤ የት እንደምናድር፣ የት እንደምንታከም፣ የት እንደምንሳለም። ስልኩ ላይ የቦታ ፈቃድን «አፑን ስጠቀም ብቻ» ማድረግና የተቀዳ ድምፅን ከአካውንቱ መሰረዝ ይቻላል። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት።

ትልቁ ሥራ ግን ስሞቹ ናቸው፤ ይህንን ደግሞ ከእኛ በቀር የሚሠራልን የለም። ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ማንም ሰው በነጻ ተመዝግቦ የሚያርመው ካርታ ነው፤ ብዙ አፖችም ዳታውን ከእሱ ይወስዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ዋና ስም፣ የአማርኛ ስምና ሌላ መጠሪያ የሚሞላባቸው የተለያዩ ቦታዎች አሉት። በሩ ላይ የተጻፈው ስም በዋናው ይገባል፤ «ፖሊ»፣ «ፔዳ»፣ የድሮው የቀበሌ ቁጥር፣ ሰፈርተኛው የሚጠራበት ስም ሁሉ በሌላ መጠሪያው ይገባል። በጉግል ካርታም የጎደለ ቦታ መጠቆምና የተሳሳተ ስም ማረም ይቻላል። ከአንዱ ካርታ ወደ ሌላው መቅዳት ግን አይፈቀድም፤ የሚጻፈው በእግር ሄደን ያየነው፣ ሰፈርተኛውን ጠይቀን ያረጋገጥነው ነው። ከየት እንጀምር ለሚል፣ ስሕተት ሕይወት ከሚያስከፍልበት እጀምር ነበር፦ መጀመሪያ የጤና ጣቢያዎችና የሆስፒታሎች በሮች፣ በተለይ አምቡላንስ የሚገባባቸው፤ ቀጥሎ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራና ቁንዝላ ድረስ ጀልባ የሚቆምባቸው የሐይቁ ዳርቻዎች።